ከ11 ወር በኋላ፦ የካምሪዬ የሰርቪስ ታሪክ በስልኬ ላይ

የ2019 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ) ከገዛሁ 11 ወር ሆነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ኡበር እሠራበታለሁ። ስገዛው 68,000 ማይል ነበረው፤ ዛሬ 91,000 አልፏል። የምጽፈው ግን ስለ መኪናው ሳይሆን የሰርቪስ ታሪኩን ስለምከታተልባቸው ሁለት አፖች ነው። አንዱ የመኪና ታሪክ የሚሰበስበው የካርፋክስ ድርጅት አፕ፣ ካር ኬር ነው፤ ሌላው የቶዮታ የራሱ አፕ። ለሰርቪስ ታሪክ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ሳልከፍል ነው የምጠቀመው።

ሁለቱም የሚጠይቁት ቪን ቁጥሩን፣ ማለትም የመኪናውን መለያ (ሻንሲ) ቁጥር ነው። 17 ፊደልና አሃዝ ነው። በሾፌሩ በኩል፣ በፊት መስታወቱ ታችኛው ጥግ ይነበባል። የሾፌሩን በር ስትከፍቱም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት እዚያ ውስጥ የሉም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። 10ኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የኔ ላይ ያለው ኬ ነው፤ 2019 ማለት ነው።

መኪናውን ከመግዛቴ በፊት የካርፋክስ ሪፖርቱን አየሁ። እስከ 41,000 ማይል ድረስ በየ5,000ው ዲለር ቤት (የቶዮታ ወኪል ጋ) ገብቷል። ዘይት፣ ጎማ ማዟዟር፣ ፊልትሮ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ቀጥሎ የሚታየው 60,000 ላይ ነው። 19,000 ማይል ሙሉ ባዶ! ልቤ ሸሸ። ሻጩ ያገሬ ልጅ ነው፤ ደወልኩለትና "ወንድሜ፣ በዚህ መሀል ዘይት አልተቀየረም እንዴ?" አልኩት። ስንገናኝ ከዳሽቦርዱ ኪስ የተጣጠፈ ፖስታ አወጣ። ውስጡ አራት ደረሰኝ አለ። ሦስቱ ላይ ቀንና ማይል ተጽፏል። አራተኛው "ዘይት፣ 60 ዶላር፣ ተከፍሏል" ብቻ ይላል። የየትኛው መኪና እንደሆነ እንኳን አይታወቅም።

መኪናውን ገዛሁት፤ እስካሁንም አልተጸጸትኩም። ያ ፖስታ ግን አፖቹ ምን እንደሚያውቁና ምን እንደማያውቁ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። የቶዮታው በቶዮታ ዲለሮች የተሠራውን ያመጣል። ካርፋክስ ደግሞ መረጃ ከሚልኩለት ጋራዦች ይሰበስባል። ያልላከ ጋራዥ የሠራው ሥራ እዚያ የለም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ስታዩ መኪናው ተጥሎ ነበር ብላችሁ አትደምድሙ። የሞላ ዝርዝር ስታዩም መካኒክ ሳታሳዩ አትግዙ።

እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ሥራ የሚሠራው በትውውቅ ነው። የኔ መካኒክ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ድምፁን ሰምተው ብቻ ችግሩን ይነግሩሃል። ግን በካሽ ነው፤ ወረቀት የለም። መጀመሪያ የፍሬን ሸራ የቀየሩልኝ ዕለት "ጋሼ፣ ቀኑንና ማይሉን ይጻፉልኝ" አልኳቸው። ቅር አላቸው።

"አንተ ልጅ፣ አላመንከኝም እንዴ?"

"እርስዎንማ አምናለሁ። ነገ መኪናውን የሚገዛኝ ሰው ግን አያውቅዎትም።"

ትንሽ ዝም አሉና እስክሪቢቶ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የተሠራው ሥራና የቪኑ የመጨረሻ 8 ፊደልና አሃዞች በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ። ወረቀቱን ፎቶ አነሣለሁ፤ ካር ኬር ላይ በራሴ እመዘግባለሁ። ዋናው ማስረጃ ግን ወረቀቱ ስለሆነ አልጥለውም።

ታሪኩን ማየቱ ያላሰብኩትን ነገርም አሳየኝ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሳነብ የሃይብሪድ ባትሪው የአየር ማስገቢያ ፊልትሮ ስለመጽዳቱ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። ስናወጣው አቧራ፣ የብርድ ልብስ ብናኝ፣ የሰው ፀጉር ተጠቅጥቆበታል። ባትሪው በዚያ አየር ነው የሚቀዘቅዘው። ሲታፈን ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዕድሜው ያጥራል። የ2019 ሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ልደርስ ነው። አሁን ፊልትሮውን እንዳጸዳ ስልኬ በየ10,000 ማይሉ እንዲያስታውሰኝ አድርጌዋለሁ።

ያስቸገረኝ አንድ ነገር አለ። ዘይት ያስቀየርኩበት አንድ ጋራዥ 79,200 ማይልን 72,900 ብሎ መዘገበው። 9ኙና 2ቱ ቦታ ተለዋወጡ። ከዚያ በፊት 74,000 ላይ የተመዘገበ ሰርቪስ ስላለ ማይሉ ወደ ኋላ የሄደ መሰለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለሚገዛ ሰው "ማይል የተቀነሰበት መኪና" ማለት ነው። የፌደራል ሕጉም የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ ማይሉ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ ግዴታው 20 ዓመት ይቆያል። ደረሰኜን ይዤ ጋራዡ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሲስተካከል ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። አሁን ከጋራዥ ሳልወጣ ደረሰኙን ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያያለሁ።

ሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት) ካለ ለማየት የፌደራሉን የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተጠቀሙ። ቪን አስገብታችሁ በነጻ ታያላችሁ። የሚያሳየው ገና ያልተጠገነውን ብቻ ነው፤ ጥገናውም በነጻ ነው።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅም በቅርቡ ኮሮላ ሊገዛ ነበር። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ባለ 17 ነው፤ ካርፋክስ ላይ ሳስገባው አሜሪካ የተነዳ ሆኖ ተገኘ። በአደጋ ምክንያት ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ብሎት ነበር። መጨረሻ የተመዘገበው 112,000 ማይል ነው፤ 180,000 ኪሎሜትር ገደማ። ደላላው "95,000 ኪሎሜትር" ብሎታል። ልጁ ተወው። ከጃፓን በቀጥታ የገባ መኪና ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ የዚያ ሻንሲ ቁጥር አጭር ነው፤ ካርፋክስ አይቀበለውም።

ለካር ኬር ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ለቶዮታው ሦስት። የቶዮታው ከዲለር ውጭ ለሚያሠራ ሰው ብዙም አይሞላም። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ግን ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ሻጩ መኪናውን ስልኩ ላይ ካለው የቶዮታ አፕ እንዲያወጣው ጠይቁት፤ እዚያው ፊታችሁ ያጥፋው። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ በዚያ አፕ በር መክፈትና መኪናው የቆመበትን ቦታ ማየት ይቻላል።