የካርድ ክፍል ፕሮግራም፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሲታይ

በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የታካሚዎችን ማህደር በኮምፒውተር የሚይዝ አዲስ ፕሮግራም ከገባልን ወዲህ የሌሎች ሆስፒታሎች ባልደረቦቼ «እንግዛው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስሙን የማላነሳው ጉድለቱ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ወንድማማቾች ናቸው።

በጎውን ላስቀድም። ካርዱ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደወጣና ማን እንደተረከበው ወዲያው ያሳያል። ወርኃዊ ሪፖርቱም በእጅ ከመቁጠር ገላግሎናል።

ጣጣው ያለው መመዝገቢያው ገጽ ላይ ነው። የትውልድ ቀንና የስልክ ቁጥር ካልተሞሉ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። አንድ አዛውንት ይመጣሉ።

«አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«እንጃ ልጄ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ አግብቼ ነበር።»

ይህ ለሐኪም በቂ መልስ ነው፤ ለሳጥኑ ግን አይበቃውም። ሰልፉ በሩ ድረስ ስለደረሰ መዝጋቢው መስከረም 1 ብሎ ያልፋል፤ ስልክ ለሌለውም ዜሮ ዘጠኝ ብሎ ዜሮ ይደረድራል። መዝገባችንን ካመናችሁ የከተማችን እኩሌታ የተወለደው በእንቁጣጣሽ ነው፤ የሚነጋገረውም በአንድ ስልክ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተጀመረውና በኬንያ ኤልዶሬት ከ2006 አንስቶ የሚሠራበት ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው ነፃ የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም የትውልድ ቀን በግምት መሆኑን የሚያመለክቱበት ቦታ አለው። እኛ በገንዘባችን የገዛነው ይህ የለውም።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/02 ብለን ስናስገባ «የተሳሳተ ቀን» ይለናል፤ ቁጥሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚያነበው ነው፤ በፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃንም አሥራ ሦስተኛ ወር አጥቶ ይመለሳል። አልቀበልም ማለቱስ ደግ ነው፤ የሚያስፈራኝ የሚቀበለው ነው። የካቲት 12 ቀን 2015 የተወለደችን ልጅ 12/06/2015 ብላችሁ ብታስገቡ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጁን 12 አድርጎ ይይዘዋል፤ ልጅቷም ከሰባት ዓመት በላይ አርጅታ ሐኪሙ ፊት ትቀርባለች። የሕፃናት መድኃኒት መጠን በዕድሜና በክብደት እንደሚሰላ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

የስም ፍለጋውም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት ሌላው መዝጋቢ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልጋት አያገኛትም፤ ስለዚህ አዲስ ካርድ ያወጣላታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ፊደል መቁጠር ለፕሮግራም ባለሙያ የሚከብድ ሥራ አይደለም። አያት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ዝርዝሩን በእሱ መደርደሩን ደግሞ ተዉት፤ በአያቱ ስም ካርድ የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ትንንሾቹም ያሰለቻሉ። የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዙ በአራት በአራት ሳይከፈል በአንድ መስመር ስለሚጻፍ ዓይን መሃል ላይ ይጠፋበታል። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ መብራት ደግሞ መሄዱን አይተውም።

ፕሮግራሙ ሲገዛ በአዳራሽ ለኃላፊዎች ታይቷል፤ ቀለሙና ግራፉ ተጨብጭቦለታል። ከመስኮቱ ኋላ የሚቀመጥ አንድም መዝጋቢ ግን አልተጠራም። እናንተ ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መዝጋቢው ወንበር ላይ አስቀምጡትና ሰልፉን ራሱ ያስተናግድ።

በትንሽ የግል ክሊኒክ፣ ወጣትና ባለስልክ ታካሚ በሚበዛበት፣ ያገለግል ይሆናል። ለሆስፒታል ግን በአሁኑ ይዞታው አልመክረውም። ሻጩ የፊደሉን ፍለጋ በሚቀጥለው እትም እንደሚያስተካክል ነግሮናል፤ ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ግን ተጨማሪ ክፍያ ጠይቋል። የግዥ ክፍላችን ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ እንዳይፈርም በደብዳቤ አሳውቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።