ማልታ ማደር ወይስ ጎዞ? ሦስቱን ደሴቶች ለመጎብኘት ለምታስቡ

በሜዲትራኒያን ባሕር ካለችው ማልታ ወደ እህት ደሴቷ ጎዞ በሚሻገረው ትልቁ ጀልባ ስትሳፈሩ ማንም ቲኬት አይጠይቃችሁም። ቺርኬዋ ከሚባለው ሰሜናዊ ወደብ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ። መንገዱ 25 ደቂቃ ያህል ነው። የምትከፍሉት ስትመለሱ ነው፤ ለእግረኛ 4 ዩሮ ከ65 ሳንቲም። ጎዞ መግባት በነፃ፣ መውጣት በክፍያ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን "እና ካልተመለስኩስ?" ብዬ ለራሴ ሳቅኩ።

ግን ተመለስኩ፣ ያውም በዚያው ቀን። አብዛኛው ጎብኚ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ጠዋት ይሄዳል፣ ሦስት አራት ቦታ ፎቶ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ የጀልባ ወረፋ ይይዛል። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን ጎዞ ላይ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ይህ ንጽጽር ከሁለቱ ጉዞዎች የመጣ ነው። ከሆቴልና ከመኪና በፊት መወሰን ያለበት አንድ ነገር የት እንደምታድሩ ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። አገሪቱ በሙሉ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች። ዋናዋ ደሴት ማልታ 246፣ ጎዞ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው። በሁለቱ መሀል ያለችው ኮሚኖ ደግሞ በእግር ተዞራ የምታልቅ ድንጋይ ናት። ስሟ ከከሙን የመጣ ነው ይባላል፤ አዎ፣ ከኛው የወጥ ቅመም። ካርታውን ያየ ሰው "በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ" ይላል። እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚያች መሬት ላይ ተጨናንቆ ይኖራል፣ መኪናውም እንደዚያው። ከዋና ከተማዋ ቫሌታ እስከ ቺርኬዋ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ወደ ጎዞ ደርሶ መልስ ብላችሁ ስትነሱ፣ ግማሽ ቀናችሁ መንገድ ላይ እንደሚያልቅ ቁጠሩት።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው የአንድ ቀን የጀልባ ቱር ነው። ሁለተኛው ማልታ እያደሩ በራስ መንገድ ጎዞ ደርሶ መመለስ ነው። ሦስተኛው ሌሊቱን ለሁለቱ ደሴቶች ማካፈል ነው።

የጀልባ ቱሩ በወረቀት ላይ ልብ ይሰርቃል። ጎዞ፣ ኮሚኖና የባሕር ዋሻዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ። እኔም በዚህ ተታልያለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጀልባው ሰው እስኪሞላ ቆመ። ጎዞ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተሰጠን፣ ከሱም ምሳው ወሰደ። የጎዞ ዋና ከተማ የሆነችውን የቪክቶሪያን አደባባይ አይቼ ተመለስኩ። ኮሚኖ ላይ መዋኛው ውሃ ጋ ለመድረስ የሰው ትከሻ እየገፋሁ ነው የሄድኩት። ሁለት ቀን ብቻ ላላችሁና ዋናው ነገር ባሕር ላይ መዋል ለሆነላችሁ ይህ መንገድ አይከፋም። ልጆችም ጀልባውን ይወዱታል። "ጎዞን አየሁ" ለማለት ግን አይሆንም።

ማልታ እያደሩ በራስ መሄድ ይሻላል፣ ርካሽም ነው። ከቫሌታም፣ ከሷ በውሃ ማዶ ካለችው ከስሊማም ወደ ቺርኬዋ አውቶቡስ አለ። ከቫሌታ በቀጥታ ጎዞ የሚያደርስ ፈጣን ጀልባም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይሠራል፤ 45 ደቂቃ ነው። የሱ ዋጋ ከትልቁ ይበልጣል፣ ሲሄዱም ሲመለሱም ይከፈላል። ግን የአንድ ሰዓት የአውቶቡስ ግፊያ ያስቀርላችኋል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ነፋስ ሲበረታ መጀመሪያ የሚሰረዘው ፈጣኑ ነው። ትልቁ ሌሊትም ይሠራል። የመመለሻ በረራ ባለበት ቀን በትልቁ ተማመኑ።

ሦስተኛው፣ ማለትም ጎዞ ማደር፣ የኔ ምርጫ ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቀን ጎብኚው ጠራርጎ ይሄዳል። ደሴቱ ለነዋሪውና ለናንተ ይቀራል። ቪክቶሪያ መሀል ቺታዴላ የሚባል የተራራ ምሽግ አለ። ማታ መብራቱ ሲበራ ግንቡ ላይ መዞር እንዴት ደስ ይላል! እ.ኤ.አ. በ1551 የኦቶማን መርከቦች መጥተው የደሴቱን ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለባርነት የወሰዱት ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1637 ድረስ የጎዞ ሰው ማታ ማታ ግንቡ ውስጥ ገብቶ እንዲያድር በሕግ ይገደድ ነበር። ያኔ ሰው በግድ ያድርበት የነበረውን ቦታ ዛሬ ጎብኚው ሳያድርበት ይሄዳል።

ከቺታዴላ ሌላ ጎዞ ላይ የማይታለፈው ጅጋንቲያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 3600 ዓመት ገደማ የተሠራ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው። ከግብፅ ፒራሚዶች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ድንጋዮቹ ከመግዘፋቸው የተነሳ የጥንቱ ሰው "ግዙፍ ሴት ተሸክማ አመጣቻቸው" ይል ነበር። ራምላ የሚባለው ባሕር ዳርቻ አሸዋው ቀላ ያለ ነው። ሽዌይኒ አካባቢ ከባሕሩ ጥግ ድንጋይ ላይ የተቆፈሩ የጨው ገንዳዎች አሉ፣ ዛሬም ጨው ይለቀምባቸዋል። ድዌይራ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሊያይ የሚሄደው የድንጋይ መስኮት ነበር። ነፍስ ይማር! እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሶ ባሕር ገብቷል። አንዳንድ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ፎቶውን ይለጥፋል፣ እንዳትሸወዱ። ቦታው ግን አሁንም ያምራል።

የጎዞ ማደር ጉድለቱንም ልናገር። ምሽት ላይ ጭፈራና ግርግር ለሚፈልግ ሰው ደሴቱ ዝም ያለ ነው። አውቶቡሱ አብዛኛው ከቪክቶሪያ ይነሳል፣ ብዙ መስመር ላይ የሚመጣው በሰዓት አንዴ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

ይህ ወደ መጓጓዣው ያመጣናል። ማልታ ላይ መኪና አትከራዩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማቆሚያ የለም፣ የሚነዳውም እንደ እንግሊዝ በግራ ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንግሊዝ ነፃ ከወጡ በኋላ እንኳ ያልለቀቁት ልማድ ነው። አውቶቡሱ 2 ዩሮ ከ50 ነው፣ አንድ ቲኬት ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፣ ቢቀይሩም ያው ነው። የሰባት ቀን ካርዱ 25 ዩሮ አካባቢ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሳምንት ከ10 ጊዜ በላይ ከተሳፈራችሁ ያዋጣል። ጎዞም ላይ ይሠራል። በእነሱ በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የሞላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሳይቆም ሊያልፍ ስለሚችል ጠዋት ቀደም በሉ። ከስሊማ ወደ ቫሌታ ደግሞ አውቶቡሱን ተዉትና በትንሿ ጀልባ ተሻገሩ። አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ የከተማዋን ግንብ ከውሃ ላይ ታያላችሁ።

ጎዞ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ክፍት ነው፣ አውቶቡሱ ቀርፋፋ ነው፣ መኪና እዚህ ያዋጣል። ስለዚህ እዚያው ጎዞ ላይ ተከራዩ። ከማልታ መኪና ይዞ መሻገር ለመኪናውና ለሹፌሩ 15 ዩሮ ከ70 ነው፣ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ግን ወረፋው ትዕግሥት ይፈታተናል። መንዳት ለማይፈልግ ሰው የቱሪስት ባጃጅ አለ። አዎ፣ ባጃጅ! ቀኑን ሙሉ ከነሹፌሩ ይዞራችኋል። አራት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ዋጋው ኪስ አይጎዳም። ሆቴል በር ላይ ቆሞ ከሚጠራው ሹፌር ይልቅ ቀድማችሁ ዋጋ የተነጋገራችሁትን ምረጡ።

ማልታ ላይ የት ይታደር ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ቫሌታ ውብ ናት፣ ውድም ናት። ስሊማ በሁሉም ነገር መሀል ላይ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አይሳሳትበትም። ሴንት ጁሊያንስ፣ በተለይ ፓቼቪል የሚባለው ሰፈር፣ ለጨፋሪ ነው፤ እንቅልፍ ለሚወድ አይመከርም። ቡጂባ ርካሽ ነው ግን ከቫሌታ ይርቃል። መሊሐ ለልጆች የሚሆን አሸዋማ ባሕር ዳርቻ አለው።

ለቫሌታ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። ያኔ ደሴቶቹን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባት ወታደሮች እ.ኤ.አ. የ1565ቱን የኦቶማን ከበባ ከተቋቋሙ በኋላ በ1566 የቆረቆሯት ከተማ ናት። በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ውስጥ ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቀላት ሥዕል ተሰቅሏል። ሠዓሊው ስሙን የፈረመበት ብቸኛ ሥራው ነው፣ ፊርማውም ከተቀላው አንገት በሚፈስሰው ደም ውስጥ ነው። እኔ ፊቱ ቆሜ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሌላ ቀን የጥንቷን ዋና ከተማ ምዲናንና ጎረቤቷን ራባትን፣ እሁድ ጠዋት የማርሳሽሎክን የዓሣ ገበያ እዩ። ጀልባዎቹ አፍንጫቸው ላይ ዓይን ተሥሎባቸዋል።

አሁን አስቀድሞ መያዝ ያለበት። ሐል ሳፍሊኒ የሚባለው የምድር ውስጥ መቃብር በቀን 80 ሰው ብቻ ያስገባል፣ አሥር አሥር እየሆነ። በበጋ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በፊት ያልቃል። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ አይገባም። የአውሮፕላን ቲኬት በገዛችሁበት ቀን እሱንም ግዙ። ለሌሎቹ ቅርሶች የሚያገለግለው የጋራ መግቢያ ቲኬት እሱን አይጨምርም። ኮሚኖ ላይ ያለው ሰማያዊው የመዋኛ ውሃም (ብሉ ላጉን) እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ቀድሞ በነፃ መመዝገብ ይጠይቃል። ኮሚኖን ከጎዞ ወደብ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ብትሄዱ ከማልታ የሚመጣውን ሕዝብ ትቀድማላችሁ። ጎዞ የማደር ሌላው ጥቅም ይኸው ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ግንቦት፣ ሰኔ መጀመሪያ፣ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ። የመስከረም ባሕር ገና ሞቃት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። በፈረንጆች ነሐሴ 15 የእመቤታችን በዓላቸው ነው፣ ማልታ በሙሉ ጎዞ ላይ የሰፈረ ይመስላል። በዚያ ሳምንት አትሂዱ።

ስለ ምግብ። የአገሩ ዋና ምግብ ጥንቸል ነው፣ በወይን ተቀቅሎ። ለብዙዎቻችን አይሆንም፣ ስለዚህ "ፌኔክ" የሚል ቃል ሜኑ ላይ ስታዩ እወቁት። ፓስቲዚ የሚባለው ሊጡ የተደራረበ ሳምቡሳ መሰል ነገር በአይብ ወይም በአተር ይሞላል። የአተሩን ለጾም ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሊጡን ጠይቁ፣ የአሳማ ስብ የሚገባበት አለ። ለጾመኛ የሚሆነው ቢጊላ ነው። ባቄላ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተፈጨ ነው፣ በዳቦ ይበላል። ፉል የለመደ ሰው ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ማልትኛ ሴማዊ ነው። ራስ "ራስ" ነው፣ ዓይን "አይን"፣ ሞት "መውት"። እንግሊዝኛም የሥራ ቋንቋ ስለሆነ አትቸገሩም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን "መላጥያ" የተባለችው፣ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ያረፈባት ደሴት ይህቺው ናት። ከሊቢያ ተነስቶ በዚያው ባሕር የተሻገረ ሐበሻም ብዙ ነው። ስለዚህ ወደብ ላይ የአገር ልጅ ስታገኙ "ለሽርሽር ነው የመጣችሁት?" ብላችሁ አትጀምሩ።

ቪዛውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ማልታ ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የአጭር ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ከገልፍ አገር የምትነሱም ያው ቪዛ ነው፣ ማመልከቻው ከምትኖሩበት አገር ይሆናል። የሌላ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ።

አምስት ሌሊት ቢኖረኝ ሦስቱን ስሊማ፣ ሁለቱን ጎዞ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ማልታ፣ በአውቶቡስ። አራተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በፈጣኑ ጀልባ እሻገራለሁ፣ ጎዞ ላይ አንድ ቀን መኪና፣ አንድ ጠዋት ኮሚኖ። ሦስት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ሁለት ለአንድ አካፍሉት። ሁለት ሌሊት ከሆነ ሁለቱንም ስሊማ እደሩና ጎዞን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ስትመለሱ የምትከፍሉት 4 ዩሮ ከ65 በትልቁ ጀልባ ወደብ፣ ኢምጃር ላይ ነው፤ በሻንጣችሁ ታች የቀበራችሁትን ቦርሳ ቀድማችሁ አውጡት፣ ከኋላችሁ ያለው ወረፋ ረጅም ነው።