የእናቴ ድፎ ዳቦ፣ ድመታችንና ዩቲዩብ

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ድፎ ዳቦ መጋገር ባሰኛት ቁጥር አዲስ አበባ ትደውላለች፤ እናታችንም ሁልጊዜ «ሊጡ ሲበቃው እጅሽ ይነግርሻል» ብላ ትመልስላታለች። እጇ ግን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ስልኬን ረከቦቱ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ ሥራውን ከቡኮው እስከ አክንባሎው ቀረጽሁትና ዩቲዩብ ላይ ጫንሁት። ከዚያ ወዲህ የቤታችንን ቪዲዮ ሁሉ፣ የድመታችንን የውሮን ጭምር፣ የማስቀምጠው እዚያው ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በቻናል ገንዘብ ለማግኘት ለሚያስብ ሰው ሳይሆን፣ እንደ እኔ ለዘመድ ወዳጅ ለማሳየት ለሚቀርጽ ሰው ነው።

ዛሬ በባለሙያዎች ሥራ የተጨናነቀ ቢመስልም የዩቲዩብ አጀማመር እንዲሁ የዋዛ ቀረጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጃዌድ ካሪም የጫነው የመጀመሪያ ቪዲዮ ርዝመቱ 19 ሰከንድ ነው፤ ሰውየው በሳን ዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖቹን ከኋላው አድርጎ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ያወራል፣ በቃ። አሜሪካዊው አስተማሪ ሳልማን ካንም ቢሆን ለዘመዱ ልጅ ሒሳብ በርቀት ሲያስጠና ቆይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርቶቹን እዚህ መጫን የጀመረው፤ ካን አካዳሚ የተባለው ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ከዚያ የተወለደ ነው።

ለቤተሰብ ሰው የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ፣ በእኔ ግምት፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚያየው የሚወስኑት ሦስቱ አማራጮች ናቸው። ፐብሊክ የተባለው ለሁሉም ክፍት ነው። ፕራይቬት የተባለው ደግሞ በኢሜይል የተጋበዘና በአካውንቱ የገባ ሰው ብቻ የሚያየው በመሆኑ አስተማማኝ ቢሆንም፣ አስተያየት መጻፍ አይፈቅድም፤ ደግሞስ ዱባይ ያለችው አክስቴ የኢሜይሏን የይለፍ ቃል ከረሳች ስንት ዓመቷ ነው! መካከለኛው አንሊስትድ ግን ለእኛ ቤት የተሠራ ይመስላል፦ ቪዲዮው በፍለጋ አይገኝም፣ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ግን ያለ አካውንት ከፍቶ ያያል። ብዙ ሰው ይህን አማራጭ እንደ ቁልፍ ይቆጥረዋል እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ሊንኩን ያገኘ ሰው ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ፕሌይሊስት (የቪዲዮዎች ዝርዝር) ውስጥ ከገባም ይታያል። ስለዚህ የልጆች ገላ መታጠብን የመሰለ ነገር አንሊስትድ ላይ አይቀመጥም።

የዳቦው ቪዲዮ 22 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር ከመጫኔ በፊት አካውንቱን በስልክ ቁጥር ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ ያልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ የበለጠ አይቀበልም። ከዚያ በኋላ ግን ምቾቱ ብዙ ነው። ከቪዲዮው ሥር በሚገኘው መግለጫ ላይ ደቂቃዎቹን ከ0:00 ጀምሬ በየመስመሩ ብጽፍ፣ «ማቡካት»፣ «ኩፍ እስኪል»፣ «ቅጠሉን ማንጠፍ» እያለ ራሱ በምዕራፍ ከፋፈለው። እህቴ ደጋግማ የምትመለሰው እናታችን ጣቷን ሊጡ ውስጥ አስገብታ ስታወጣና ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲሞላ ወደሚታይበት ቦታ ነው። ያንን በግማሽ ፍጥነት አይታ፣ የኮባ ቅጠል ባታገኝም በፎይል ጋግራ ፎቶውን ላከችልን። በዓመታት የስልክ ጥሪ ያልተላለፈ ነገር በአሥር ሰከንድ ምስል ተላለፈ። ዳታ ለሚቆጥብ ሰውም የምስሉን ጥራት እስከ 144 ድረስ ዝቅ ማድረግ መቻሉ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ሊጥ በ144 ብዙም አያምር እንጂ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ቪዲዮ ሲጫን «ለልጆች የተዘጋጀ ነው ወይ» ተብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ «አዎ» ከተባለ አስተያየት መጻፊያው ይዘጋል። እኔ ውሮ የእህቴን ልጅ ካልሲ ስትሰርቅ የሚያሳየውን ቪዲዮ፣ ሕፃን ስላለበት ብቻ «አዎ» ብዬ መለስሁና አክስቶቼ አስተያየት የሚጽፉበት ቦታ ጠፋ። ጥያቄው በቪዲዮው ውስጥ ማን አለ ሳይሆን ለማን ተሠራ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ በኋላ ገብቼ አስተካከልሁት። ደንቡ የመጣው ኩባንያው የሕፃናትን መረጃ በመሰብሰብ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማ በኋላ ነው። ዓላማው የሚደገፍ ቢሆንም፣ ጥያቄው ለተራ ሰው ከዚህ የበለጠ ተብራርቶ ሊቀርብ ይገባል እላለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ማስታወቂያ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሳንቲም በማያገኝበት የቤት ቪዲዮ ላይ እንኳ ኩባንያው ማስታወቂያ የማስገባት መብት ለራሱ ይዟል። የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ከበስተጀርባ ከገባም የዘፈኑ ባለመብት ጥያቄ ሊያነሳ ስለሚችል፣ ቀረጻ ሲጀመር መስኮት መዝጋት ይበጃል።

ቴሌግራም ለመላክ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ቪዲዮው በበዓል መልካም ምኞቶች ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ቲክቶክ ለውሮ ይስማማታል፣ ለሊጥ ግን ትዕግሥት የለውም። እኔ ለዩቲዩብ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ዋናውን ቅጂ ግን በሃርድ ዲስክ ማስቀመጤን አልተውሁም።

ቀጣዩ የእናቴ ጠላ ነው፤ የብዙ ቀን ሥራ ስለሆነ በየክፍሉ ቀርጸን በአንድ ፕሌይሊስት ለማስቀመጥ ወስነናል። ለጊዜው ውሮን ከጌሾው የምናርቅበትን መላ እየፈለግን ነው።