ከስምንት ወር በኋላ፦ በ88 ኢንች ላንድሮቨር ላይ የተገጠመ የተሳቢ ጋንቾ

መኪናው ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ነው፤ 2286 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ያለው አጭሩ፣ በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል ባለው ርቀት 88 ኢንች የሚባለው። የተገጠመለት ከፍታው የሚስተካከል ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ጋንቾ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሲመላለስ ከርሟል፤ ሲወርድ ድንች፣ ሲወጣ ሽንኩርት ጭኖ። ጋንቾው ራሱ እስካሁን እንከን አልተገኘበትም። ገንዘብም ጊዜም የበላው የታሰረበት ብረት፣ የመብራቱ መስመር፣ የጣርማበር ቁልቁለትና የመድኑ ወረቀት ነው።

ጋንቾ ከመግዛት በፊት መዶሻ ይዞ ከመኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል። የሲሪስ ሻንሲ ከላሜራ የተበየደ ባዶ ሳጥን ነው። የኋላው አግዳሚ ቶሎ ይበላል፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በቀዳዳዎቹ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል፣ ክረምት ይረጥባል፣ በጋም ቶሎ አይደርቅም። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ ደህና ነው። በመዶሻ ጫፍ ከታች በኩል መታ መታ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ወይም ብረቱ ከጎደጎደ አግዳሚው ይቀየር። ከላዩ ላሜራ መለጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ ብየዳው የሚይዘው ያንኑ የበሰበሰ ጠርዝ ነው። ብየዳ ካለ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይፈቱ። ረጅሙ ባለ 109 ኢንች ስቴሽን ዋገን ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ታንከሩ ከኋላ ስለሆነ ታንከሩ ሳይወርድ ብየዳ የሚባል ነገር አይነሳ።

ጋንቾው የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት አግዳሚው ላይ በአራት ኤም 12 (ባለ 12 ሚሊ ሜትር) ቡሎን ይታሰራል። ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ከሌለ አይግዙት። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቁልፉ ላይ የጠበቀ ይመስላል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይላላል። መፍትሔው እያንዳንዱ ቡሎን በሚያልፍበት ቦታ ከሳጥኑ ውስጠኛ ስፋት ጋር እኩል የተቆረጠ ወፍራም የብረት ቱቦ ማስገባት ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ደግሞ በሮንዴላ ፋንታ አራቱንም ቡሎን አንድ ላይ የሚይዝ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይደረግ። የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ ቡሎኑ ከመግባቱ በፊት ፀረ ዝገት ይቀባ። ኤም 12ቱ በ80 ኒውተን ሜትር፣ ኳሱን የሚይዙት ሁለቱ ኤም 16 በ200 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሲፈተሹ ከአራቱ ሁለቱ ትንሽ ማጥበቅ ተቀብለዋል፤ በ1000 ኪሎ ሜትር አንዱም አልተነቃነቀም። የመኪናው የራሱ ቡሎኖች ግን ኢንች ስለሆኑ ሚሊ ቁልፍ ራሳቸውን ያበላሻል፤ ግማሽና ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ቁልፍ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የኳሱ መጠን ቀላል ይመስላል፣ ግን አደገኛው ስህተት እሱ ነው። ገበያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ኢንች ማለትም 50.8 እና 47.6 የሆኑ ኳሶች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በዓይን አይለዩም። ለሁለት ኢንች የተሠራ የተሳቢ ራስ 50 ሚሊ ኳስ ላይ ሲቀመጥ ዘግቶ ይይዛል፣ ግን ልቅ ነው፤ ሲንገጫገጭ ይበላል። 47.6 የሆነ ኳስ ላይ ከሆነማ ጉድጓድ ሲመታ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይነበብ፤ ካልተነበበ በካሊፐር ይለካ። ባለ 50ው ኳስ ተበልቶ 49 ከደረሰ ይጣል። ፒስታ መንገድ ላይ ከግራሶ ጋር የተለወሰ አቧራ እንደ ሞረድ ስለሚሠራ በየሁለት ሳምንቱ በጨርቅ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ሲቀባ ነው የሚከርመው። ጋንቾው ቢለቅ ተሳቢውን የሚይዘው ሰንሰለት ከኳሱ ቡሎን ጋር ሳይሆን ለብቻው አግዳሚው ላይ ይታሰር።

መብራቱ ከሁሉ በላይ አድካሚ ነበር። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየምና ብረት ሲነካኩ ይበላላሉ፣ ስለዚህ ማሳው (የመብራቱ የመመለሻ መስመር) ከአካሉ ላይ ከተወሰደ ሦስት ወር አይቆይም። ምልክቱ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ መርገብገቡ ነው። 2.5 ሚሊ ካሬ ገመድ ከሶኬቱ ቁጥር 3 ቀጥታ ሻንሲው ላይ፣ በተፋቀ ብረት ላይ ሲታሰር ችግሩ ጠፍቷል። ባለ ሰባት ሶኬቱ ላይ 1 ግራ ፍሬቻ፣ 4 ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 እና 7 የቀኝና የግራ የኋላ መብራት፣ 6 ስቶፕ ነው፤ 2 የጭጋግ መብራት ስለሆነ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ዋጋው ይታወቃል። የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን የሚያርገበግበው ዕቃ) ለሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል የተሠራ ስለሆነ ሦስተኛው ሲጨመር አመታቱ ይዛባል፤ ለተሳቢ በተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ይቀየር።

ጭነቱ፦ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ስለሌለው ከነጭነቱ ከ500 ኪሎ አያልፍም። የተሳቢው አፍንጫ ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ ከኳሱ ቁመት ጋር የተስተካከለ እንጨት ሚዛን ላይ አቁሞ መለካት ይቻላል። ድንቹ ወደ ኋላ ከተጫነ አፍንጫው ይቀልና ተሳቢው ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ያኔ ፍሬን መርገጥ ሳይሆን እግርን ከነዳጅ ማንሳት ነው።

ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ለዚህ መኪና ትልቁ ፈተና ነው። ፍሬኑ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው፤ ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ዋሻው ከመድረሱ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ እዚያው ይቆይ። ቁልቁለት ነው ተብሎ በደረቅ አስፋልት ላይ በሌላው ማንሻ የሚገባውን ዝቅተኛውን ማርሽ (ሎው ሬንጅ) ማስገባት ግን ስህተት ነው፤ በሲሪስ ዝቅተኛው ሲገባ የፊት ጎማውም አብሮ ይገባል፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ መሐል ዲፍረንሻል ስለሌለውም ካምቢዮና አክስል ይጨናነቃሉ። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ይሁን፤ አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ይወርዳል፤ ስለዚህ ዓመት ሳያልፈው ይቀየር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ በከፍታው የተነሳ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ውሃም በደብረ ብርሃን ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ጭነት ይዞ መውጣት አይታሰብ። ክዳኑን መቀየር የዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ክፍል ነው።

መድኑ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ያ ግን የራስን መኪና አይጠግንም። ለዚህ ዕድሜ መኪና ሙሉ ዋስትና የሚሰጥ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሲገኝም ክርክሩ ዋጋው ላይ ነው። አርቦን (የመድን ክፍያውን) ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ተመልሶ ባለቤቱን ይጎዳል። 600,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ300,000 ከተመዘገበ፣ ለ100,000 ብር ጉዳት የሚታሰበው ካሳ ግማሹ ነው፤ ከዚያ ላይ የራስ ድርሻና የዕቃ እርጅና ይቀነሳል። የተሻለው መንገድ በገማች የተፈረመ ግምት፣ የአራቱም ጎን፣ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ፎቶ፣ የተገዙ ዕቃዎች ደረሰኝ አብሮ ማስገባት ነው።

ጋንቾው ሲገጠም ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ይነገር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን ገቢው አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲኖር እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በቃል የተነገረ ነገር አደጋ በደረሰ ቀን የለም። ተሳቢው በሰሌዳ ቁጥሩ ፖሊሲው ላይ ካልሰፈረ የመኪናው መድን እሱንም ይሸፍናል ብሎ መገመት አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት በሦስት ከፍሎ ነው፦ ተሳቢው እንደተቀጠለ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ተፈቶ ቆሞ ሳለ የሚያደርሰው፣ በራሱ በተሳቢው ላይ የሚደርሰው። የግል ሰሌዳ ያለው መኪና የሰው ዕቃ በክፍያ ከጫነ ደግሞ ካሳው ሊከለከል ይችላል። ፖሊሲው ሲታደስ ኢንዶርስመንቱ (ተሳቢው የተመዘገበበት የፖሊሲው ተጨማሪ ወረቀት) አንዳንዴ ከአሮጌው ፋይል ጋር ይቀራል፤ አዲሱን ወረቀት ከመስኮቱ ሳይርቁ አንብቦ የተሳቢው ሰሌዳ ቁጥር መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።