ደህና ደብዳቤ ስፓም ሲባል፦ ስፓምአሳሲን ይሻላል አርስፓምዲ?

ቅዳሜ የኢሜይል ሰርቨሩን አፕግሬድ አደረግን። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ኃላፊዋ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ አቅራቢው ፕሮፎርማ ልኬያለሁ ይላል። እኔ ጋ ምንም የለም!» ስፓም ፎልደሩን ስከፍት ፕሮፎርማው ቁጭ ብሏል። ብቻውንም አይደለም፤ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ እዚያው ነው። እንግሊዝኛዎቹ በሰላም ገብተዋል።

ያ ሰርቨር ላይ ያለው የስፓም ማጣሪያ ስፓምአሳሲን ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ አርስፓምዲ የሚባለውን ማጣሪያ አስተዳድራለሁ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ስለዚህ የቱን ልያዝ ለሚለኝ ሰው ስለ ዋጋ አላወራም። ደህና ደብዳቤ የጠፋ ቀን ማን ነው ፈልጎ የሚያገኘው? ጥያቄዬ እሱ ነው።

ስፓምአሳሲን ለየደብዳቤው ነጥብ ይሰጣል፤ ካልነካኩት በቀር 5 ሲሞላ ስፓም ይለዋል። የትኞቹ ሕጎች እንደያዙት ሄደሩ (ከደብዳቤው ጋር ተደብቆ የሚመጣው መረጃ) ላይ ይጽፋል። የፕሮፎርማውን ሄደር ሳነበው «ያልተፈለገ ቋንቋ» የሚል ሕግ አገኘሁ። ጥፋቱ የኔው ነበር። ከሌላ ሰርቨር የገለበጥኩት ኮንፊግ (የማስተካከያ ፋይል) የፈቀደው እንግሊዝኛን ብቻ ነው። የአማርኛን ምልክት «ኤኤም»ን ጨምሬ ሪስታርት ሳደርገው ተፈታ። ለዚህ ግን ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) የማይፈራ ሰው ያስፈልጋል።

አርስፓምዲ ላይ ብሮውዘር ከፍቶ ታሪክ የሚለውን መጫን ይበቃል። እያንዳንዱ ደብዳቤ ከነነጥቡ ይታያል። የተጻፈው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ በፐርል ከተጻፈው ስፓምአሳሲን ይፈጥናል፤ ብዙ ደብዳቤ ለሚገባበት ቤት እሱን እመርጣለሁ። በሌላ በኩል መረጃውን የሚያስቀምጥበት ሬዲስ የሚባል ዳታቤዝም አብሮ መጠበቅ አለበት። ነጥቡም ደረጃ አለው፦ እንደመጣ ከተውት 4 ላይ ያዘገያል፣ 6 ላይ ምልክት ያደርጋል፣ 15 ላይ ይመልሳል። ማዘግየቱን አትናቁት። የይለፍ ኮድ የሚጠብቅ ሰው አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲደርሰው ኮዱ ሞቷል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዛወሩ ማጣሪያው ካያቸው ደብዳቤዎች የተማረው አብሯችሁ አይሄድም። ሁለቱም በተማሩት መፍረድ የሚጀምሩት 200 ስፓምና 200 ደህና ደብዳቤ ካዩ በኋላ ነው። ደህናዎቹን አስቀምጡና አስተምሩት።

ሁለቱንም የሚያሳስት ሌላ ነገር ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስምና አድራሻ የሚጠየቅበት አገልግሎት) ነው። ከአፕግሬድ በኋላ ሰርቨሩ የጉግልን የሕዝብ ዲኤንኤስ 8.8.8.8ን መጠየቅ ጀምሮ እንደሆነ እዩ። የስፓም ላኪዎችን ጥቁር መዝገብ የሚይዘው ስፓምሃውስ በእንዲህ ያለ የጋራ ዲኤንኤስ በኩል ለመጣ ጥያቄ የሚመልሰው የስህተት ኮድ ነው። አሮጌ ኮንፊግ ያንን «ጥቁር መዝገብ ውስጥ አለ» ብሎ ካነበበው ንጹሑም ይታሰራል። አንባውንድ የሚባለውን የራሳችሁን ዲኤንኤስ እዚያው ሰርቨር ላይ ጫኑና እሱን ይጠይቅ።

ሕጎቹንም አድሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 መግቢያ ላይ ስፓምአሳሲን 2010 የሚል ቀን ያለበትን ደብዳቤ «ገና ካልመጣ ዘመን የተላከ» ብሎ ነጥብ ይጭንበት ነበር። ያላደሰ ሰው ምን እንደገጠመው ገምቱት።

ተርሚናል የለመደ ሰው ካላችሁና ደብዳቤው ጥቂት ከሆነ ስፓምአሳሲንን አትንኩት። ሰው የሚቀያየርበት ቢሮ ከሆነ አርስፓምዲ። የሒሳብ ኃላፊዋ ግን እስከ ዛሬ ፕሮፎርማ ሲጠብቁ መጀመሪያ የሚከፍቱት ስፓም ፎልደሩን ነው።