አንኪድሮይድ ለሕክምና ተማሪ፦ በዱቲ፣ በማስጠናትና በቡና መሀል

ደሴ ላይ ሕክምና እየተማረ ማታ ማታ ቤት ለቤት የሚያስጠና ልጅ ችግሩ የሰዓት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያለችውም ሰዓት የተቆራረጠች ናት። ራውንድ (የሕመምተኞች ጉብኝት) እስኪጀመር 10 ደቂቃ፣ ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ሚኒባሱ ሐረጎን እስኪወጣ ትንሽ ደቂቃ። በዚህ መሀል ሃንድአውት ገልጦ ማንበብ አይታሰብም። አንኪድሮይድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ጥያቄና መልስ በካርድ እየያዘ፣ እያንዳንዱን ካርድ ሊረሳ ሲል መልሶ የሚያመጣ የማጥኛ መተግበሪያ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል፤ ካርዶቹ አንዴ ከገቡ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የአይፎኑ ግን በዶላር ይሸጣል። ፕሌይ ስቶር ላይ ስማቸው የሚቀራረብ ሌሎች መተግበሪያዎችም ስላሉ ሳታጣሩ አታውርዱ።

ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድና እስከ 200 ክለሳ ተሞልቶ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ የሚሰለቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሃያዋ ካርድ መጀመሪያ ቀላል ትመስላለች፤ ሰንበትበት ሲል ግን የቀኑ ክለሳ የአዲሱን እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። 200 ክለሳ፣ ለአንዱ 10 ሰከንድ ቢባል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ገና ሆስፒታል ላልገባ የፕሪክሊኒካል ተማሪ ይህ ምንም አይደለም። ሲ ዋን (የመጀመሪያው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት) ገብቶ ዱቲ (የሌሊት ተረኝነት) ለሚያድርና በዚያ ላይ ለሚያስጠና ግን አይዘልቅም። ስለዚህ ቁጥሩን በቀላሉ ሳምንት ሳይሆን በከፋው ሳምንት ለኩት፤ 8 ወይም 10 አዲስ ካርድ ይበቃል። የፈተና ሰሞን አዲሱን 0 አድርጉት፣ ክለሳውን ግን አትተዉ። ከተከመረ ደግሞ የክለሳውን ገደብ 100 ላይ አስቀምጡት። ገደቡ በክለሳ እስከሞላ ድረስ መተግበሪያው በራሱ አዲስ ካርድ አያመጣም፤ ክምሩም ቀስ እያለ ይቀላል።

ዱቲ አዳሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። 9 ሰዓት ላይ የሠራችሁት ካርድ ለትናንት ይቆጠራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የዛሬው ተራ ይመጣል። ካልተመቻችሁ ከሴቲንግ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት የሚሠራው መልሱ ከታየ በኋላ ከሚመጡት ቁልፎች "ሃርድ" (ከብዶኛል) በምትባለው ነው። መልሱን ረስቶ፣ "አጌን" (እንደገና) ማለት እየከበደው "ሃርድ" የሚጫን ብዙ ነው። "ሃርድ" ማለት ከብዶኝም ቢሆን አስታውሻለሁ ማለት ነው፤ ካርዱ ያለፈ ተደርጎ ይያዛል። ኤፍኤስአርኤስ የሚባለውን አዲሱን የክለሳ ቀን መወሰኛ ስሌት የከፈተ ሰው እንዲህ ካደረገ የማያውቀው ካርድ ሁሉ ወደ ሩቅ ቀን ይገፋበታል፣ ስሌቱም ይበላሻል። ከረሳችሁ "አጌን" በሉ፣ አብሽሩ፣ ማንም አያያችሁም።

ለአሜሪካ የሕክምና ፈተና የተዘጋጁ ካርዶች በፍላሽ ይዞራሉ። ፊዚዮሎጂውና ፋርማኮሎጂው ግሩም ነው። ግን ላይም ዲዚዝን (አሜሪካ ውስጥ በመዥገር የሚተላለፍ በሽታ) ከደሴ ሆኖ መሸምደድ ምን ይሠራል? እነዚያን ሰስፔንድ አድርጉና (እንዳይመጡ አግዷቸውና) ከቆቦና ከከሚሴ ቆላ ለሚመጣው ወባ፣ ለቲቢም የራሳችሁን ጻፉ። ስትጽፉ አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ። "የቲቢ ሕክምና ምንድን ነው?" ብሎ አራት መድኃኒት፣ ስድስት ወርና የጎንዮሽ ጉዳት አንድ ላይ ያጨቀ ካርድ ስምንት ጊዜ ተረስቶ ሊች (ሰዓት የሚበላ ካርድ) ይባላል። ከፋፍሉት፦ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት መድኃኒቶች፤ ቀጣዮቹ 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፤ ዓይን የሚጎዳው ኢታምቡቶል፤ ከአይሶናያዚድ ጋር ፓይሪዶክሲን ለምን ይሰጣል።

የስልኩን ከላፕቶፑ አንኪ ጋር ስታገናኙ ተጠንቀቁ። ሁለቱም ላይ ካርድ ካለ መጀመሪያ ሲንክ ሲደረግ (ሁለቱ ሲመሳሰሉ) "አፕሎድ ወይስ ዳውንሎድ?" ይላል፤ የተሳሳተውን ከመረጣችሁ የአንደኛው ጠፍቶ ይቀራል። አስቀድማችሁ ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ማኅበራዊ ኑሮ ላይስ? የጧቱን ድርሻ በጧት ለጨረሰ ሰው ማታ አእምሮው ነፃ ነው፣ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ቡና ተጠርቶ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ግን ነውር ነው፤ ወሎ ላይ አቦል ጠጥቶ በረካውን ሳይጠብቅ የሚነሳ ሰው ራሱ ይታዘቡታል። ለዚህ ዴክ ኦፕሽን (የካርድ ስብስቡ ማስተካከያ) ውስጥ "ኢዚ ዴይስ" የሚል አለ፦ ቅሬ (ዕድር) ወይም የማስጠናት ሥራ የሚበዛበትን ቀን መርጣችሁ ቀንሱ፣ ካርዶቹ ወደ ጎረቤት ቀናት ይበተናሉ። የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚመደቡት ብቻ ስለሆነ ለውጡ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ በአንድ ሁለት ቀን ተመልሰው የሚመጡትን አዳዲሶች ግን አይነካም።