ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚደረገው የፈሳሽ ምርመራ በድሬዳዋ ክሊኒኮች፦ ምን ይጠየቅ?

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በሴት ብልት ውስጥ የባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ችግር ነው። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ሽታ ያለው ስስ ፈሳሽ ያስቸገራት ሴት ክሊኒክ ስትሄድ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላት ዌት ማውንት ነው። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳሊን፣ ከስዋቡ ትንሽ ፈሳሽ፣ ከላዩ ከቨር ስሊፕ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ርካሽና ፈጣን ነው። በአግባቡ ከተሠራ እኛም እንመክረዋለን።

ድሬ ላይ የሚያበላሸው ሙቀቱ ነው። ስላይዱ ወረፋ ከጠበቀ ሳሊኑ ከዳር ጀምሮ ይደርቃል። ያኔ ክሉ ሴሎቹን፣ ማለትም ባክቴሪያ ተለጥፎባቸው ጠርዛቸው የጠፋውን፣ ጤፍ የተበተነበት ሰፌድ የሚመስሉትን ሴሎች፣ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ትሪኮሞናስ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ጥገኛ ተሕዋስም መንቀሳቀሱን ሲያቆም ከፐስ (መግል) ሴል ጋር ይምታታል። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ናሙና ከሚወሰድበት ክፍል አጠገብ ያለበትን ክሊኒክ ምረጡ፤ የሕንፃው ማማር ለዚህ አይጠቅምም። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ስላይዱ ትንሽ ይታገሣል፤ ማቆየት ግን እዚያም አይገባም።

ፒኤች፣ ማለትም የፈሳሹ የአሲድነት መጠን፣ ሳይለካ መታለፉ ያሳዝነናል፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። የሽንት ስትሪፕ አይተካትም፤ ንባቡ ከ5 ስለሚጀምር መለያ ወሰን የሆነውን 4.5ን አያሳይም። ናሙናው ከብልት የጎን ግድግዳ ይወሰድ፤ የማህፀን ጫፍ ንፍጥ፣ ደም ወይም የወንድ ዘር ከነካው ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። በወር አበባ ወቅት፣ እንዲሁም ከግንኙነት ወይም ውስጥን ከመታጠብ በኋላ አንድ ቀን ሳይሞላ ባይሠራ ይሻላል።

በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የአምሴል መስፈርት ከአራቱ ሦስቱ መሟላት አለባቸው፦ ስስና ወጥ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ ፒኤች፣ 10 በመቶ ኬኦኤች (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ሲጨመር የሚወጣ የዓሣ ሽታ፣ ከሚታዩት የብልት ግድግዳ ሴሎች ቢያንስ 20 በመቶው ክሉ ሴል መሆን። ውጤቱ ላይ «ባክቴሪያ ታይቷል» ብቻ ከተጻፈ ምርመራው አልተሠራም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያ በጤነኛዋም አለ። ለካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ ለማየት) ገንዘብ አታውጡ፤ ከዚህ ችግር ጋር የሚያያዘው ጋርድነሬላ የተባለው ባክቴሪያ ምንም በሌለባት ሴትም ሊበቅል ይችላል።

ለድሬ አየር የሚስማማው ባክቴሪያን በቀለም የሚለየው ግራም ስቴይን ነው። ስላይዱ ደርቆ ስለሚቀለም ሙቀቱ አይጎዳውም፣ ሌላ ላቦራቶሪ ድረስም ይላካል። የባክቴሪያ ዓይነቶችን ብዛት በሚመዝነው የኑጀንት ነጥብ ሲነበብ ከ0 እስከ 3 ጤነኛ፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 እስከ 10 ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ገዝታ የጀመረች ካለች ደግሞ ናሙና ሳይወሰድ ለባለሙያው ትንገር፤ ስላይዱ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል።